ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ የሚተርፈውን እንጨት በአግባቡ መጠቀም፦ ከቅጠል እስከ ጉቶ

ዛፍ ተቆርጦ ግንዱ ተጭኖ ሲሄድ መሬት ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። ጫፉ፣ ቅርንጫፉ፣ ቅጠሉ፣ ልጡ፣ ጠማማው፣ የተሰነጠቀው፣ ጉቶው። ብዙ ቦታ ይህ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ተከምሮ ይቃጠላል። ወይም ተጠራርጎ ለማገዶ ይሄዳል። ሁለቱም ጫካውን ይጎዱታል። ሲቃጠል ሀብቱ ጭስ ሆኖ ይበናል። ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ አፈሩ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጫካው ድርሻውን ይውሰድ፣ ከዚያ እኛ እንውሰድ። የምንወስደውንም ከሁሉ በላይ ለሚጠቅመው ነገር እናውለው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

1. ከመቁረጥ በፊት ቦታውን ዙሩት

ሥራው የሚጀምረው ዛፉ ከመውደቁ በፊት ነው። ወንዝና ምንጭ የት እንዳለ፣ ረግረጉ የት እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ የት እንደሚጠና በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። የወፍ ጎጆ ያለበትን ወይም ውስጡ ባዶ የሆነ አሮጌ ዛፍ ስታገኙ ምልክት አድርጉበትና ተዉት። አፈሩንም በአካፋ ገልበጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ጥልቅ፣ ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ትንሽ ዘና ማለት ይቻላል። ስስ፣ አሸዋማ ወይም ድንጋያማ ከሆነ ግን አብዛኛውን ትርፍ እዚያው መተው አለባችሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ውሳኔ ዛፉ የሚመለመልበት ቦታ ነው። በወደቀበት ከተመለመለ ቅጠሉና ጭራሮው ጫካው ውስጥ ተበታትኖ ይቀራል። ሙሉ ዛፉ ተጎትቶ መንገድ ዳር ከተመለመለ ግን የአፈሩ ምግብ ሁሉ አንድ ቦታ ይከመራል። ያንን መልሶ ማሰራጨት ድርብ ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜም ማንም አያደርገውም። ከቆራጮቹ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የመጎተቻውን መንገድም ቀድማችሁ ወስኑ። ትራክተር በሚመላለስበት መስመር ላይ ቅርንጫፍ አንጥፉ። ክብደቱን ስለሚያሰራጨው አፈሩ እንዳይጠቀጠቅ ይረዳል። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ ችግኝም ሥር አይሰድበትም። ለማገገም ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ለዚህ የተነጠፈውን ቅርንጫፍ በኋላ ለማገዶም ለመክተፊያ ማሽንም አትሰብስቡት። ጭቃና ጠጠር ስለያዘ ማሽኑን ያበላሻል። እዚያው ይበስብስ።

እንጨት ከጫካ ለማውጣት፣ ለማጓጓዝና እሳት ለማንደድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም አስቀድማችሁ አጣሩ።

2. የጫካውን ድርሻ ለዩ

ቅጠል፣ ቀጭን ቅርንጫፍና ልጥ ከግንዱ ውስጠኛ እንጨት ይልቅ በናይትሮጅን፣ በፎስፈረስ፣ በፖታሲየምና በካልሲየም እጅግ የበለጸጉ ናቸው። ግንዱ ሲወጣ አፈሩ የሚያጣው ምግብ ከመጠኑ አንጻር ብዙ አይደለም። ቅጠልና ጭራሮው አብሮ ሲወጣ ግን ኪሳራው በጣም ያድጋል፤ ቀጣዩ ዛፍ በቀጨጨ አፈር ላይ ይበቅላል።

ምን ያህል እንተው? ፊንላንድ ውስጥ የሚሠራበት ምክር ከቅርንጫፍና ከጫፍ 30 በመቶ ያህሉ ቆረጣው በተካሄደበት ይቅር ይላል። የአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት መመሪያም ሲሶ ያህል ይተው ይላል። እኔ ሲሶውን ዝቅተኛው ልክ አድርጌ ነው የማየው። ስስ አፈር ላይ፣ ቁልቁለት ላይና ደጋግሞ በሚቆረጥ ጫካ ውስጥ ከዚያ በላይ ተዉ። የሚቀረውም በየቦታው ተበትኖ ይሁን፤ አንድ ጥግ የተከመረ ሲሶ መሬቱን አይመግብም።

ቅጠሉን እዚያው ለማስቀረት ቀላል ዘዴ አለ። የተመለመለውን ቅርንጫፍ ወዲያው አታንሱት። በደረቁ ወቅት ለጥቂት ሳምንታት ባለበት ተዉት። ቅጠሉ ደርቆ ይረግፋል፣ እንጨቱም ይቀላል። እንደ ጥድ ያሉት መርፌ ቅጠላቸውን ለማራገፍ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አንድ ሙሉ ደረቅ ወቅት ቢያገኙ ጥሩ ነው።

ከድሮ የወደቀውን፣ የበሰበሰውንና የዛፍ ሽበት ያበቀለውን ግንድ ደግሞ በፍጹም አትንኩት። ለማገዶ የማይረባ ቢመስልም ለጫካው ቤት ነው። ጥንዚዛ፣ እንጉዳይ፣ እንሽላሊት፣ ወፍ ሁሉ ይኖርበታል። በፊንላንድ ጫካዎች ከሚኖሩት ዝርያዎች ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት ሕይወታቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። ቆሞ የደረቀ ዛፍም ሰው በሚመላለስበት ላይ የማይወድቅ ከሆነ ይቁም።

3. ወንዝ ውስጥና ወንዝ ዳር ምንም አትጣሉ

ይህን ለብቻው የምጽፈው ብዙ ጊዜ ስለሚናቅ ነው። ገደል ውስጥ ወይም ወንዝ ዳር የተጣለ ቅርንጫፍ ጎርፍ ሲመጣ ይነሳል። ኒውዚላንድ ውስጥ በጊዝቦርን አካባቢ ይህ ደጋግሞ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በቶላጋ ቤይ፣ በ2023 ደግሞ ጋብርኤል በተባለው ሳይክሎን (ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ ያለው ማዕበል) ጊዜ ከቆረጣ የተረፈ እንጨት ከተራራው ወርዶ እርሻና የባሕር ዳርቻ አለበሰ፤ ድልድይም ሰበረ። የመጣው ደግሞ ሥርዓት ካለው የንግድ ደን ነው። ስለዚህ ጎርፍ የሚደርስበትን ልክ ገምቱና ከዚያ በላይ አውጡት። ጠባብ ሸለቆ አፍ ላይም ክምር አታቁሙ።

4. በውፍረት ለዩት

አሁን የምትወስዱትን ማንሳት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ መጣደፍ ብዙ ያስከፍላል። የወደቀ ዛፍ ላይ ተጣሞ የተወጠረ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ሰው ይመታል። መጀመሪያ በየት በኩል እንደተወጠረ እዩ፤ ከዚያ ከጎን ቆማችሁ ቀስ እያላችሁ ቁረጡ። የራስ ቆብ፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ ጠንካራ ጫማና የእግር መከላከያ ሳይኖር ሞተር መጋዝ አይነሳም። ብቻችሁንም አትሥሩ።

ስትለዩ ውፍረቱን ተከተሉ። ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ጤናማ እንጨት ለጣውላ፣ ለእጀታና ለቋሚ አስቀምጡ። ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ያለው ለአጥር፣ ለችካል፣ ለእንጉዳይ ማብቀያ ወይም ለማገዶ ይሆናል። ከዚያ በታች ያለው ጭራሮ ለአፈር ሥራ፣ ለመክተፍና ለባዮቻር (አየር ሳይበቃው ተቃጥሎ አፈር ውስጥ የሚጨመር ከሰል) ነው። የበሰበሰውን፣ እንግዳ ቁስል ወይም የጥንዚዛ ቀዳዳ ያለበትን ለብቻው አድርጉት። በሽታ ያለበትን እንጨት ከአካባቢው ማራቅ በሽታውን አብሮ ማጓጓዝ ነው።

መለየቱ የዋጋ ጉዳይም ነው። ለመጥረቢያ እጀታ የሚሆን ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት ማገዶ ውስጥ ከገባ በኋላ አይመለስም። እጀታ የሚሆነው እጀታ፣ ቋሚ የሚሆነው ቋሚ ይሁን። እሳት የመጨረሻው አማራጭ ነው።

5. ወፍራሙን ሳይሰነጠቅ አድርቁት

አጭር ግንድ፣ ግማሹ ጠማማ እንኳ ቢሆን፣ ለሣጥን፣ ለመቀመጫና ለወለል የሚሆን ጣውላ ይወጣዋል። ችግሩ መሰንጠቁ ነው። ውሃ በጫፎቹ በኩል ከጎኑ ይልቅ በጣም ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ በተቆረጠ ቀን ሁለቱን ጫፎች ቀለም ወይም ሰም ቀቧቸው። ሳምንት ቆይቶ መቀባት አይጠቅምም፤ ስንጥቁ ጀምሯል።

ግንዱ በመጋዝ ወደ ጣውላ ከተከፈለ በኋላ ጣውላውን ጥላ ባለበት፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ደርድሩ። ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በየረድፉ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቀጫጭን እንጨቶች በየ50 ሴንቲ ሜትሩ አስገቡ። እነዚህ መለያዎች ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥታ መስመር መግጠም አለባቸው፤ ካልሆነ ጣውላው ይጎብጣል። ከላይ ዝናብ የሚከለክል ክዳንና ክብደት ያለው ነገር አድርጉ። ጎኖቹን አትሸፍኑ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአየር ብቻ እስኪደርቅ ብዙ ወራት፣ እንደ አየሩ ጠባይም እስከ ዓመት ይወስዳል።

ለአጥር ቋሚ የምታውሉትን ልጡን ወዲያው ላጡት። ልጥ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ለነፍሳትም መደበቂያ ይሆናል። እርጥብ እያለ መላጥ ቀላል ነው፣ ከደረቀ በኋላ ግን መከራ ነው።

6. ማገዶ ከሆነ በደንብ ይድረቅ

ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሱን ስታነዱ ሙቀቱ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ይሄዳል። ግማሹ ውሃ የሆነ 1 ኪሎ እንጨት 8 ሜጋጁል (የሙቀት ኃይል መለኪያ) ያህል ሙቀት ይሰጣል። እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ የወረደ 1 ኪሎ ደግሞ ከ14 እስከ 15 ሜጋጁል ይሰጣል። ጭሱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በደንብ ማድረቅ ማለት ለተመሳሳይ ምድጃ ጥቂት ዛፍ መቁረጥ ማለት ነው።

ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ወፍራም የሆነውን ፍለጡት። ልጥ ውሃን አፍኖ ስለሚይዝ ድብልብሉ እንጨት ውስጡ ሳይደርቅ ከርሞ ይበሰብሳል። ፍልጡን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋስ እንዲገባ ክፍተት ትታችሁ ደርድሩ። ከላዩ ብቻ ይሸፈን። ሸራ ዙሪያውን ማልበስ የተለመደ ስህተት ነው፤ እርጥበቱን መልሶ ያፍነዋል።

መድረቁን ለማወቅ አንድ ፍልጥ መዝኑና ቁጥሩን እላዩ ላይ ጻፉ። በየሁለት ሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም በዚያ አየር ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ደርቋል።

7. በቀጫጭኑ ቁልቁለትና ቦረቦር ያዙበት

ለቀጭን ቅርንጫፍ ከዚህ የተሻለ ጥቅም አላውቅም። ቆረጣ ከተካሄደ በኋላ መሬቱ ለመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ባዶ ሆኖ ነው የሚጠብቀው። አፈር በብዛት የሚታጠበው ያኔ ነው።

በቁልቁለት ላይ ቅርንጫፉን ወደ ጎን፣ ማለትም ውሃው የሚወርድበትን አቅጣጫ አቋርጦ ደርድሩት። ከታች በኩል ችካል እየመታችሁ አስደግፉት። ከመሬት ጋር በደንብ ይነካካ። ከሥሩ ክፍተት ካለ ውሃው በዚያ ሾልኮ አዲስ ቦይ ይቆፍራል። ቁልቁለቱ በጠና ቁጥር ረድፎቹን አቀራርቡ። ከጥቂት ዝናብ በኋላ ከረድፉ በላይ ደለል ተይዞ ታያላችሁ። ችግኝ መትከያው ያ ነው።

ቦረቦር ውስጥ ክትር ስትሠሩ ሦስት ነገር አትርሱ። ችካሎቹ ወደ መሬት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግቡ። የክትሩ ጫፎች የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ተቆፍሮ ይቀበሩ፤ ካልሆነ ውሃው በጎን ይዞርበታል። መሀሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል፤ ጎርፉ በዚያ እንዲያልፍ። ከአንድ በላይ ከሆኑ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። እንጨቱ በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሣርና ቁጥቋጦ እንዲይዘው ከደለሉ ላይ ወዲያው ትከሉ።

8. የተከተፈው፦ ጉዝጓዝና ብስባሽ

መክተፊያ ማሽን ካገኛችሁ ጭራሮው ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል። በችግኝ ዙሪያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፉት። የአፈሩን እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል። ግንዱን ግን አይንካ፤ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ጉዝጓዝ የተጠጋበት ግንድ ይበሰብሳል፤ አይጥም ተደብቆ ይልጠዋል።

ጥሬ ፍርፋሪና ሰጋቱራ ከአፈር ጋር አትቀላቅሉ። እንጨት ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዱና ተክሉ ይገረጣል። ከላይ ብቻ ሲነጠፍ ይህ ችግር እምብዛም የለም። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍርፋሪ ደግሞ የሌላ ተክል ዘር እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር ስላለው ሳይበሰብስ መደብ ላይ አይነጠፍ።

ብስባሽ ለመሥራት 1 እጅ ሰጋቱራ ወይም ደቃቅ ፍርፋሪ ከ2 እጅ እበት ጋር ቀላቅሉ። ክምሩ በየጎኑ ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ካነሰ አይግልም። በእጅ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ የሚያወጣ እርጥበት ይበቃል። ሲግል፣ ከዚያም ሙቀቱ ሲወርድ ገልብጡት። እንጨት ስላለበት ከሌላው ብስባሽ ይዘገያል፤ ወራት ስጡት።

ትልቅ የእርጥብ ፍርፋሪ ክምር በራሱ ግሎ እሳት ሊነሳበት እንደሚችል ልብ በሉ። ክምሩ ዝቅ ያለ ይሁን፤ ለረጅም ጊዜም አታቆዩት።

9. ባዮቻር በጉድጓድ

ደረቅ ጭራሮ ተርፎ ጉዝጓዝም ክትርም ካልሆነ፣ ከማቃጠል ባዮቻር መሥራት ይሻላል። ሲቃጠል ከአመድ በቀር የሚተርፍ የለም። በባዮቻር ግን ከካርቦኑ ጥሩ ክፍሉ አፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን ይቆያል።

አፉ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 70 ወይም 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ቆፍሩ። ነፋስ የሌለበት ቀን ምረጡ። ዙሪያውን ከሣርና ከቅጠል አጽዱ፤ ብዙ ውሃም አጠገባችሁ አዘጋጁ። እሳቱን ከታች አንድዱና ፍም ሲይዝ ስስ ንብርብር ጭራሮ ጨምሩ። ነበልባሉ ከላይ ያለውን አየር ስለሚበላው ታች ያለው ፍም ወደ አመድ አይለወጥም። የላይኛው ጭራሮ ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር ቀጣዩን ንብርብር ጨምሩ። ጭስ ከበዛ ቶሎ ጨምራችኋል ወይም እንጨቱ እርጥብ ነው። የእያንዳንዱ ጭራሮ ውፍረትም ከ5 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ።

ጉድጓዱ ሲሞላ ውሃ አፍስሱበት። ደጋግማችሁ አፍስሱ፣ በአካፋ እያገላበጣችሁ። ውስጡ የቀረ ፍም ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይቀጣጠላል። አውጥታችሁ ሜዳ ላይ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉትና ሌሊቱን ሳታስገቡት አሳድሩት። ቤት ወይም ጎተራ ውስጥ ወዲያው ማስገባት አደጋ ነው።

ጥሬውን አፈር ላይ አትበትኑት። ባዮቻር ንጥረ ነገር ይስባል፤ ባዶውን ከገባ ከተክሉ ይሻማል። ከእኩል መጠን ብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አቆዩት። የአፈርን አሲዳማነት ስለሚቀንስ ኮምጣጣ አፈር ላይ በጣም ይጠቅማል።

10. እንጉዳይ በግንድ ላይ

ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት፣ ልጡ ሳይላጥ፣ 1 ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት። ሺታኬ ለተባለው የሚበላ እንጉዳይ ይሆናል። በተቆረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ አብጁ፤ የእንጉዳይ ዘር ሙሉና በሰም ድፈኑ። እርጥበት ባለው ጥላ ውስጥ ከ6 ወር እስከ 18 ወር ይጠበቃል። ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ያፈራል። እንደ ጥድ ያሉ ሙጫ ያላቸው ዛፎች ለዚህ አይሆኑም።

11. ጥንዚዛና እሳት

ትኩስ የጥድ ዘመድ ግንድ ልጡን ለብሶ በሞቃት ወቅት ከተቀመጠ ልጥ በል ጥንዚዛ ይራባበታል። ከዚያ ወደ ቆመው ጤናማ ዛፍ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉድሩን የተባለው ማዕበል ደቡብ ስዊድን ውስጥ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል እንጨት ከጣለ በኋላ ጥንዚዛው ተራብቶ ቆሞ የቀረውን ዛፍ ፈጅቷል። ከ7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነውን ትኩስ የጥድ እንጨት ሳይሞቅ አውጡት፣ ላጡት ወይም ክተፉት። ቀጭኑ ቶሎ ስለሚደርቅ ያን ያህል አያሰጋም።

የምትተዉት ቅርንጫፍ ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቆራርጣችሁ አስተኙት። ከአፈር ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበሰብሳል፤ እሳት ቢነሳም ነበልባሉ ዝቅ ይላል። በመንገድና በቤት ዳር ያለውን ግን ጨርሳችሁ አንሱ።

12. ጉቶውን አትንቀሉት

ጉቶ መንቀል አፈሩን ይገለብጣል፣ ቁልቁለት ላይም መሸርሸር ይጀምራል። ሥሩ እየበሰበሰ ሲሄድ ለውሃ መስረጊያ ቦይ ይተዋል። ስለዚህ ይቅር።

ባሕር ዛፍን የመሰሉ ከጉቶ የሚያቆጠቁጡ ዛፎች ከሆኑ ጉቶውን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ዝናብ እንዳይተኛበት ትንሽ ሰያፍ አድርጋችሁ፣ ልጡ ሳይገነጠል ቁረጡት። ቅርንጫፍ አትከምሩበት፤ ቡቃያው ብርሃን ይፈልጋል። ብዙ ያቆጠቁጣል። ከ2 እስከ 3 ሜትር ሲደርስ ጠንካራ፣ ቀጥ ያሉና ከጉቶው ጋር ዝቅ ብለው የተያያዙ 2 ወይም 3 ቡቃያዎች ምረጡና ሌላውን ቁረጡ። ይህን በዝናብ መጀመሪያ ማድረግ ይሻላል። የተቆረጡት ቡቃያዎች ደግሞ ለቦረቦሩ ክትር ችካል ይሆናሉ። ቅጠላቸውን እዚያው ጉቶው አጠገብ አራግፉት።